በባሮ አሸዋ ያጸዳነው ብረት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈሩ የተበላሸ ዕቃ ሁሉ ማረፊያው እኔ ቤት ነው። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ወይዘሮ አልማዝ የተቃጠለ ስታብላይዘር ይዘው መጡ። ፈትቼ ስስ ብረቶቹን ጠረጴዛ ላይ ስደረድር፣ እሳቸው ሊያግዙኝ ብለው አንዱን አንስተው በነጠላቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ። “ተዉት፣ አይንኩት” አልኩ። ድምፄ እኔንም አስደነገጠኝ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኳቸውም።

በደርግ ዘመን፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኜ ጋምቤላ ተመደብኩ። ከሙያ ትምህርት ቤት ገና የወጣሁ ደገኛ ነበርኩ፤ የማውቀው ጥቂት፣ የማውቅ የሚመስለኝ ግን ብዙ። እዚያ መጀመሪያ የተወዳጀሁት የጤና ጣቢያውን ድሬሰር፣ መርፌ ወጊና ቁስል አካሚ የነበረውን ኦኬሎን ነው። አኙዋ ነው፤ በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል። ቤቱ ስሄድ ሚስቱ የባሮ ዓሣ በበቆሎ ገንፎ ታቀርብልናለች፤ ትንሿ ልጁ አቻላ ደግሞ ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ የሸሚዜን ቁልፍ ትጎትታለች። ዘጠኝ ወር ሊሞላት ጥቂት ቀን ቀርቷት ነበር። የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በዘጠኝ ወር ስለሆነ ኦኬሎ ቀኑን ይቆጥር ነበር፤ ኩፍኙ ጎግ ወረዳ ደርሷል ይባላል።

ማንጎው በሚበስልበት፣ ሙቀቱ መተንፈሻ በሚያሳጣበት ወር ክትባቱ በአውሮፕላን እንደሚመጣ ተነገረን። የጤና ጣቢያው ፍሪጅ መሥራት ያቆመውም በዚያው ሰሞን ነው። በእርዳታ የመጣ ስለሆነ የሚሠራው በመቶ አሥር ቮልት ነበር፤ የጄኔሬተሩን ኃይል የሚቀንስለት ትራንስፎርመር ተቃጠለ። “ሽቦውን እኔ እጠመጥመዋለሁ” አልኩ፤ ደግሞም አሳምሬ ጠመጠምኩት። ሽቦው የሚያርፍበት ብረት እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ስስ ስስ ብረት ነው። እያንዳንዱ ጥቁር ነገር ለብሷል። ጥላሸት መሰለኝ።

“ንጹሕ ይሁን፤ የመድኃኒት ዕቃ ነው” አለ ኦኬሎ፣ ጤና ሠራተኛ አይደል።

ባሮ ዳር ጎን ለጎን ተቀምጠን ብረቶቹን አንድ በአንድ በእርጥብ አሸዋ ስንፈትግ ዋልን። እሱ የቤተ ክርስቲያኑን መዝሙር በአኙዋኛ ያንጎራጉር ነበር። ስንጨርስ ብረቱ ፊት ያሳይ ነበር፤ በሥራችን ኮራን።

በማግስቱ ገጣጠምኩትና ኃይል ሰጠሁት። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፤ ፍሪጁ መቀዝቀዝ ጀመረ። ብረቱን ስነካው ግን ይፋጃል።

“ሞቀ እንዴ?” አለኝ ኦኬሎ።

“ጋምቤላ ውስጥ የማይሞቅ ብረት አሳየኝ” አልኩት። ሳቅን። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

ክትባቱ ቅዳሜ ደረሰ፤ ፍሪጁ ውስጥ አስገባነው። ሰኞ ጠዋት ክፍሉን ስንከፍት የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ተቀበለን። ሽቦው ከስሏል፤ የፍሪጁ ውስጥ ከደጁ አይሻልም። እናቶች ከጎግ ድረስ በእግራቸው መጥተው ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ተቀምጠዋል። የኦኬሎም ሚስት አቻላን አዝላ ከመካከላቸው ነበረች። ኦኬሎ አንዱን ብልቃጥ አንስቶ ረጅም ጊዜ አየው።

“ይሄ ሞቷል። የሞተ መድኃኒት ለሰው ልጅ አልሰጥም። ለእኔም ልጅ አልሰጥም” አለ። ሁሉንም አስወገደና እናቶቹን አሰናበተ።

ሌላ ክትባት የሚመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ተባለ። በየቀኑ አውሮፕላን ማረፊያው እየሄድኩ ሰማይ ሰማይ አያለሁ፤ የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛውን እስኪሰለች ድረስ ለመንኩት። የሚሰማኝ አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት አቻላን አተኮሳት፤ ዓይኗ ቀላ፣ ሰውነቷን ሽፍታ ወረሰው። ጉልበቴ ላይ አስቀመጧት። ቁልፌን አልጎተተችም። በአራተኛው ቀን ቀበርናት።

አውሮፕላኑ ከቀብሩ በኋላ ባለው ሳምንት መጣ፤ ከክትባቱ ጋር አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን አብሮ መጣ። ትራንስፎርመሩን ፈትቶ ስስ ብረቶቹን በጣቱ ዳበሰ።

“ቀለሙን ማን ነው የፋቀው?”

“እኔ ነኝ። ቆሻሻ መስሎኝ።”

“እሱ እኮ ነው አንዱን ብረት ከሌላው የሚለየው። እሱ ከሌለ ኤሌክትሪኩ ብረቱ ውስጥ ለውስጥ ይዞራል፤ ኃይሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ሽቦህን ያነደደው ያ ሙቀት ነው።” አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ልነግረው ወስኜ ኦኬሎ ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር።

“ወንድሜ፣ ሰውዬው ምን አለ? ምን አጠፋን?”

“አጠፋን” ነው ያለው። ዓይኔ እጁ ላይ ቀረ።

“ዕቃው አርጅቶ ነው” አልኩት።

“እንግዲህ ጌታ ያውቃል። አንተ ለፍተሃል” አለና ምግብ እንድታቀርብልኝ ሚስቱን ጠራት። በላሁ።

ዓመቱ ሳያልቅ ተዛወርኩ፤ ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም። ለእሱ አዝኜ ነው የደበቅሁት እያልኩ ኖሬአለሁ፤ የብረቱን ግማሽ በገዛ እጁ ነውና ያጸዳው። ይህ እውነት ነው። ግን ብረቱ ሲፋጅ የነካሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ጠይቆኝ ነበር።

ትናንት ወይዘሮ አልማዝ ዕቃቸውን ሊወስዱ መጡ። ስታብላይዘሩ ይሠራል። እጄን ብረቱ ላይ አሳርፌ ቆየሁ።

“ምነው፣ ሞቀ እንዴ?” አሉኝ።

ለብ ብሏል እንጂ አልሞቀም። ቢሆንም “ዛሬ አይውሰዱት፤ እስከ ነገ እዚሁ እየሠራ ይቆይ” አልኳቸው፤ ወንበሬንም ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።