ለራልፍ ኦግደን የተደረገ የኅሊና ጸሎት

ራልፍ ኦግደን ሰባ ስምንት ዓመት በደፈነ ሳምንት ልጁ ሂላሪ ፋኖሶቹ የተባለውን ባንድ የስንብት ኮንሰርት ቲኬት ገዝታ መጣች። አገላብጦ አየውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ሌላ ሰው ይዘሽ ሂጂ» አላት።

«አባዬ፣ የመጨረሻቸው ነው እኮ።»

«አምስት ዓመት ሙሉ የመጨረሻቸው ነው።»

ፋኖሶቹ መጀመሪያ አራት የሼፊልድ ጎረምሶች ነበሩ። ከበሮውን የሚመታው ራልፍ፣ የሚዘፍነው ደግሞ አብሮት የተማረው ዴኒ ማርሎ። አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ሳለ ለንደን ያለ ሸክላ አሳታሚ ጠራቸው። ዴኒም «ማክሰኞ ጠዋት በመኪና መጥተን እንወስድሃለን» አለው። ራልፍ የብረት ፋብሪካ ሥራውን ለቀቀ፤ ማክሰኞ ጠዋት ከበሮዎቹን ደጃፍ ላይ ደርድሮ ቁጭ አለ። እኩለ ቀን ላይ ዝናቡ ሲጀምር እናቱ ወጣች፤ ትንሹን ከበሮ አንስታ ወደ ቤት አስገባችው። ለካ ልጆቹ ሰኞውኑ ሌላ መልከ መልካም ከበሮ መቺ ይዘው ሄደዋል። ራልፍ ፋብሪካውን ለምኖ ተመለሰና ሠላሳ ስምንት ዓመት እቶን ፊት ቆመ። ሚስቱ ኤድና በሕይወት ሳለች የፋኖሶቹ ዘፈን በሬዲዮ ሲመጣ ቀስ ብላ ትዘጋው ነበር።

ያም ሆኖ ሄደ። ለሂላሪ ስል ነው አለ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ዴኒን አርጅቶ ሊያየው ፈልጎ ነው።

ኮንሰርቱ በኳስ ሜዳ፣ በጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ዘፋኞቹም ተመልካቾቹም ሲመሽ የሚደክማቸው ሆነዋል። ከፊታቸው የተቀመጠ ባለ ቆዳ ጃኬት ሽማግሌ የደም ግፊት ክኒኑን በቢራ አወራረደ። ዴኒን ሁለት ሰዎች ደግፈው መድረክ ላይ አወጡት። ፀጉሩ ቀለም ተቀብቶ ከሰል መስሏል፤ ማይክ የያዘው እጁ ይንቀጠቀጣል። ድምፁ ግን የሃያ ዓመት ልጅ ድምፅ ነው።

«አፉን እይው፤ ከዘፈኑ ኋላ ቀርቷል» አለ ራልፍ። «የሚዘፍነው ቴፑ ነው።»

«ቀስ በል አባዬ፣ ሰው ይሰማሃል።»

ከበሮው ላይ የተቀመጠው በዕድሜ የልጅ ልጁ የሚሆን ወጣት ነበር። ምቱ ግን ራልፍ በእናቱ ጓዳ፣ በማንኪያ እየቀጠቀጠ ያወጣው ምት ነው። ራልፍ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ሲንቀሳቀሱ አያቸውና እጁን ኪሱ ከተተ።

ከአራተኛው ዘፈን በኋላ ለዴኒ ወንበር መጣለት። አሁን የተሰማው የራሱ ድምፅ ነው፤ የተሰነጠቀ።

«የመጀመሪያውን ከበሮ መቺያችንን፣ ራልፍ ኦግደንን፣ የቀበርነው እዚህ ከተማ ነው። ለንደን ልንሄድ ስንል ታሞ ሞተብን። ሳጥኑን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እስቲ ለራልፍ ተነሡለት።»

ሃያ ሺህ ሰው ተነሣ። ሜዳው ጭጭ አለ። ሂላሪ ልትጮህ አፏን ስትከፍት ራልፍ እጅጌዋን ጨምድዶ ያዘ። ባለ ጃኬቱ ሽማግሌ ዞር ብሎ ገላመጠው።

«ተነሣ እንጂ ወንድሜ፤ ለሞተ ሰው ነው እኮ።»

«ጉልበቴን ያመኛል» አለው ራልፍ።

እረፍት ሲሆን ሂላሪ አባቷን እየጎተተች ከመድረኩ ጀርባ ወሰደችው። የባንዱ ሥራ አስኪያጅ በአዛውንት የአውቶቡስ መታወቂያው ላይ ስሙን አይታ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አቶ ኦግደን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዴኒ ማስታወስ ካቆመ ሦስት ዓመቱ ነው። አሁን ቢያይዎት ይደነግጣል፤ ሁለተኛውን ክፍል መዝፈንም አይችልም።»

ራልፍ ራሱን ነቀነቀ። ሊያዝንለትም ቃጥቶት ነበር።

«ከመታመሙ በፊትስ?» አላት። «ጤነኛ ሳለ ምን ብሎ ነበር የሚያወራው?»

ሴትየዋ መሬት መሬት አየች። «ያንኑ» አለች። «መጽሐፉም ላይ አለ። ሃምሳ ዓመት ሲያወራው ኖሯል።»

ሁለተኛውን ክፍል ሳይሰሙ ወጡ። አውቶቡስ ውስጥ ሂላሪ እንባዋን እየጠረገች ለጋዜጣ እንጻፍ አለችው።

«ምን ብዬ? አልሞትኩም ብዬ?»

በማግስቱ ቅዳሜ እንደ ልማዱ የሠራተኞች ክበብ ሲገባ ጓደኞቹ ቢራቸውን አስቀምጠው ብድግ አሉ። «ሟቹ መጡ፤ ቦታ ልቀቁላቸው» አለ አንዱ። ራልፍም አብሯቸው ሳቀ። ቀልዱ በሳምንቱም፣ በወሩም አላለቀም፤ ሰላምታ ሆኖ ቀረ። ሞተሃል የተባለበት ምክንያት ምን እንደሆነ የጠየቀው ግን አንድም ሰው አልነበረም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ ነው የሚውለው። ሂላሪ ክበቡን ለምን እንደተወ ስትጠይቀው፣ ቢራው ተበላሽቷል ይላታል።