ጨፌው እስኪጠግብ

ሰሞኑን ከቤቴ በታች ገረጋንቲ የጫኑ መኪኖች ሲመላለሱ ይውላሉ። አንዱ ሠራተኛ የሞሉት አፈር ክረምቱን ከርሞ ሳይረጋ ሕንጻው እንደማይጀመር ሲነግረኝ ሳቅሁ። ከተማችን መቱ ይህን ካየች ቆየች።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ወላጆቼን በልጅነቴ ስላጣሁ ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው፤ የአገሩ ሹም ነበሩ። እኔ አናጢውን ጃለታን ወደድሁ፣ እሳቸው ደግሞ ለአንድ የጎሬ ቡና ነጋዴ አስበውኛል። አሻፈረኝ ስል በሰው ፊት ተሳለቁብኝ።

«ከመንገዱ በታች ያለውን ጨፌ ሰጥቻችኋለሁ። እስከ መጪው ዓመት ጥምቀት ቤት ከቆመበት ጃለታን አግቢ። ካልቆመ ጎሬ ትሄጃለሽ።»

ጨፌው ቄጤማ የሞላው፣ በበጋ እንኳ እግር የሚውጥ ረግረግ ነበር። በበጋው ቦይ ቆፍረን ውሃውን ወደ ወንዙ አሸሸነው። ከዚያ ጃለታ ድንጋይ እያንከባለለ፣ እኔ ገረጋንቲ በቅርጫት እያዘልሁ ትልቅ ጉብታ ከመርን። ምሳችን ቅቅል ጎደሬ ነበር። ዛሬ በንጹሕ ሳህን ሲቀርብልኝ ያን ጊዜ በጭቃ እጄ የበላሁትን ያህል አይጥመኝም።

ክረምቱ ሲገባ ጉብታው ይሰምጥ ጀመር። መንገደኛው ቆሞ ይስቅብን ነበር። ጃለታም ሰለቸውና «ጨፌው እየበላብን ነው፣ ይቅርብን» አለኝ። ንዴቴ እስካሁን ይሰማኛል።

«ሃ ኛቱ» አልሁት በራሱ ቋንቋ። «ይብላ! ሲጠግብ ይተዋል።»

በሰመጠው ላይ ጨመርን፤ እንደገና ሲሰምጥ እንደገና ጨመርን። ለካ ጭነቱ ከሥር ያለውን ጭቃ ውሃውን እየጨመቀ ያጠነክረው ነበር። እኛ ያን አላወቅንም፤ እኔን የያዘኝ እልህ ብቻ ነው።

ዝናቡ ሲያባራ መስመጡ ቆመ። ጃለታ ከጉብታው ላይ ትርፉን ድንጋይ አንሥቶ ጥምቀት ሳይደርስ ቤቱን አቆመ። አጎቴ የሠርጉ ዳስ በግቢያቸው እንዲጣል ፈልገው ነበር፤ እኔ ግን እዚያው ቤታችን ደጃፍ አስጣልሁት። የሳቀብን ሰው ሁሉ መጥቶ ይጨፍርበት፣ በእግሩም ይደልድልልኝ ብዬ ነው።

ጭፈራው ሲደምቅ አጎቴ ተነሡና መሬቱን በተረከዛቸው ደጋግመው መቱት። ንቅንቅ አላለም።

«ይዟል» አሉ ቀስ ብለው።

«ይዟል፣ ጋሼ» አልኋቸው፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ።

ጃለታም እሳቸውም ካረፉ ቆዩ። የአጎቴ ልጆች ግን እስከ ዛሬ ቤቴ ሲመጡ «አባታችን የሰጠሽ መሬት» ይሉኛል። እንግዶቼ ናቸውና አብልቼ አጠጥቼ እሸኛቸዋለሁ፤ ይህን ቃል ግን አልቀበልም። አባታቸው የሰጡኝ ውሃ ነው። መሬቱን በጀርባዬ አዝዬ ያመጣሁት እኔ ነኝ።