የማትነሣዋ ልብስ ሰፊ

በምላጭ ጫፍ የአሮጌውን ዚፕ ስፌት ትበጥሳለች። የክሩን ቁርጥራጭ በጥፍሯ ለቅማ ታራግፍና አዲሱን ዚፕ በስፒል አሲዛ በመኪናው መርፌ ሥር ታስገባዋለች። እጇ አይሳሳትም። አበሳዋ የሚጀምረው ሰው ሲገባ ነው።

እንግዳ ሲገባ ብድግ ማለት አለ። ብድግ ስትል ደግሞ ዓይኗ ይጨልማል፤ ልቧ ይደልቃል።

አንጀቷ መቁሰል ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ መጸዳጃ ቤት አጠገብ ያለውን ሱቅ የተከራየችውም ለዚሁ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ አስተኝቶ፣ ቀጥሎ አቁሞ የደም ግፊቷን ለካና፣ «ሳናዝዘው ልብንና ደም ሥርን የሚያስተካክል ነርቭ አለ። አንጀታቸው በሚቆጣ አንዳንድ ሰዎች ላይ ሥራው ይዛባል። ስትነሺ ደምሽ ወደ እግርሽ ይወርዳል፤ ነርቩ ቶሎ አይደርስልሽም። ቀስ ብለሽ ተነሺ» አላት።

ቀስ ብለሽ! ሐኪሙ ቤት እንግዳ ገብቶ አያውቅም እንዴ?

ሠፈርተኛው ደግሞ ምርመራውን በነጻ ጨርሶላታል። «ጭንቀት ነው» ይላል አንዱ። «ቁርስ ብዪ እንጂ» ትላለች ሌላዋ፣ ጾሟን የምትውል ይመስል። ቁጭ ብላ ሰላም ስትላቸው ጊዜ «ንግሥቲቱ» የሚል ስም አወጡላት።

ባለፈው ሳምንት የሴት ልጇ እጮኛ እናት ቀሚስ ሊያሳጥሩ መጡ። ከወንበሯ ሳትነሣ እጇን ዘረጋችላቸው። ፊታቸውን አጥቁረው ወጡ። በማግስቱ ልጇ እያለቀሰች መጣች።

«እማዬ፣ እናቱ ‹ከናቀችኝ ሴት ጋር አልዛመድም› ብለውታል!»

«ታዲያ ሕመሜን አትነግሪያቸውም?»

«ነገርኳቸው። ‹ያመማት ሆዷን ነው እግሯን?› አሉኝ።»

ዛሬ ወይዘሮዋ ቀሚሳቸውን ሊወስዱ ሲገቡ፣ ልብስ ሰፊዋ የልጇን ትዳር አስባ፣ የሐኪሙን ምክር ወዲያ ጥላ ብድግ አለች። የስፒሉ ቆርቆሮ ተገለበጠ፤ እሷም ወይዘሮዋ ላይ ተዘረረች። ሴትዮዋ አቅፈው ሲይዟት፣ የልቧ ድለቃ በገዛ ደረታቸው ተሰማቸው።

«ኧረ ልቧ! ኧረ ልጇን ጥሩልኝ!»

አስተኝተው እግሯን ጨርቅ ክምር ላይ ሰቀሉላት። ዓይኗን ስትገልጥ ተቆጡ።

«እንዲህ የሚያደርግሽ ከሆነ ማን ተነሺ አለሽ?»

«እርስዎ ነዎታ!»

ወይዘሮዋ ጎንበስ ብለው ወለሉ ላይ የተበተነውን ስፒል መልቀም ጀመሩ። ቆይተው፣ «በይ አማቼ፣ ከእንግዲህ ለእኔ እንዳትነሺ» አሉ።

አንዷ ገባት፤ ሠፈሩ ግን ገና ነው። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ ለእናንተም አደራ አላት፦ «እባካችሁ፣ ወደ ሱቄ ስትገቡ ቀድማችሁ ‹ተቀመጪ› በሉኝ። ሱሪያችሁን እንደሆነ ቁጭ ብዬም እሰፋዋለሁ።»