ሾፌሩና ባለሞተር ወንበሩ

አርባ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ጉልበቱ ሲከዳው ልጁ ባለሞተር ወንበር ገዛችለት። አራት ጎማ አለው፣ መሪ አለው፣ ጥሩንባ አለው፤ ታዲያ ሾፌራችን ምን ጎደለኝ ይበል? ችግሩ በእግረኛ መንገድ መሄድን እንደ ውርደት መቁጠሩ ነው። ሊታጠፍ ሲል እጁን እየዘረጋ አስፋልቱ መሀል ይነዳል፤ ከኋላው የመኪናው ሁሉ ጥሩንባ ይንጫጫል።

የሚሄደው ወደ ሚስቱ ነው። የመርሳት ሕመም ይዟት የአረጋውያን መጦሪያ ከገባች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ልጇን ረስታለች፤ እሱን ግን ታውቀዋለች። ነርሷ "በየቀኑ ስለምታይዎት ነው፤ አደራ እንዳይለዩዋት" ብላው ነበር። ከዚያ ወዲህ ዝናብም አላስቀረውም።

ትራፊክ ፖሊሷ ሁለት ጊዜ አስቆመችው።

"አባባ፣ ይሄ በእግረኛ መንገድ፣ በእግረኛ ፍጥነት ነው የሚነዳው። ሕጉ ነው። ደግሞ እንዲህ ዝቅ ብለው ለከባድ መኪና አይታዩም።"

"አንቺ ሳትወለጂ መሪ ጨብጫለሁ፣ ልጄ።"

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ! ብወደውም እውነቱን እናገራለሁ፤ ትዕቢት ነው። በሳምንቱ እጁን ዘርግቶ ሲታጠፍ አንድ የጭነት መኪና ሳያየው ገፍቶት አለፈ። ዳሌው ተሰበረ።

ሁለት ወር ሙሉ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ተኛ። የሚያስለቅሰው ሕመሙ አልነበረም። "እናትሽ ጋ ሂጂልኝ፤ እየመጣ ነው በያት" እያለ ልጁን ይለምናት ነበር። ልጅቷም አልታከተችም፣ ትሄዳለች፤ እናቷ ግን ማን ነሽ እያለች ትመልሳታለች።

ሲሻለው ወንበሩ ላይ ወጣ። የፍጥነት ማዞሪያውን ዝቅተኛው ላይ አደረገ። በእግረኛ መንገድ፣ ሕፃን ላዘለች እየቆመ፣ ማቋረጫው ላይ አረንጓዴ መብራት እየጠበቀ፣ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። አንድ ሰዓት ፈጀበት፤ ግን በሰላም ደረሰ።

ሚስቱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ከጎኗ ተጠግቶ ሞተሩን አጠፋና እጇን ያዘ። እሷም እጇን ቀስ አድርጋ አስለቀቀች።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚህ ጋ ባይቆሙ? የባለቤቴ ቦታ ነው። አሁን ይመጣል።"

ዕድሜ ልኳን አንተ ስትለው የኖረች ሴት፣ አንቱ አለችው።

"መንገድ ተዘጋግቶበት ይሆናል፣ እመቤቴ" አላት። ሞተሩን መልሶ አስነሳና ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ቦታውን ለቀቀ።