ለማድ ቤታችን የተመረጠው ሚስማር

ጋምቤላ በመጣን በመጀመሪያው ዓመት ባለቤቴ ግቢያችን ውስጥ ማድ ቤት ልሥራ ብሎ ተነሣ። ልጃችን አስም አለባት፤ ያለችን አንዲት ክፍል ስለሆነች እዚያው እሳት ባነደድኩ ቁጥር ደረቷ ፊሽካ ይነፋል። በበጋው በረንዳ ላይ አበስል ነበር። ዝናቡ ሲጀምር ግን እሳቱ ወደ ውስጥ መግባቱ ነው። ነርስ ነኝ፤ ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ስቀበል እውላለሁ። የራሴን ልጅ እንደዚያ ሆና ማየት ግን አቅቶኝ ነበር።

ከደጋ በመኪና የመጣ ባሕር ዛፍ ገዛን። ባለቤቴ ደገኛ አይደል፣ "እንጨት ሳይደርቅ ከተሠራበት ይጣመማል" ብሎ ፀሐይ ላይ ደረደረው። በአገራችን ጭጋግ እንጨት እስኪደርቅ ወራት ይፈጃል። የሰፈራችን የኒውላንድ ፀሐይ ግን ቀልድ አታውቅም፤ ሰንብተን ስናየው አጥንት ሆኗል። በዚያ ላይ ነፋሱን ፈርቶ ወፍራሙን ሚስማር፣ ባለ አሥራ ሁለት ሳንቲሙን፣ ገዝቶ መጣ። የመጀመሪያውን ሲመታ ቋሚው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ሁለተኛውም እንዲሁ።

"እንጨቱ ነው" አለኝ።

"አዎ፣ አንተማ ምን አጠፋህ!" አልኩት።

ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል። ሌላ እንጨት የጫነ መኪና መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። የተሰነጠቀውን ቁራጭ ይዤ እየተቃጠልኩ ወደ ሱቅ ሄድኩ። የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡት ሐጂ ከወሎ መጥተው እዚሁ የሸበቱ ሰው ናቸው። ቁራጩን ገና ሲያዩት ሳቁ።

"ፀሐይ ላይ አስጥታችሁት ነው አይደል፣ ሲስተር?"

"በምን አወቁ?"

"እኔም ስመጣ የዚህን ሱቅ እንጨት እንዲሁ ፈጅቼዋለሁ። ደገኛ ሁሉ እዚህ ሲገባ አንድ ባሕር ዛፍ ሳይሰነጥቅ አይለምድም።"

ቀጭኑን ባለ ስምንት መዘኑልኝ። ከዚያ አንዱን አንሥተው በጠፍጣፋ ራሱ ድንጋይ ላይ አቆሙትና ሹል ጫፉን በመዶሻ አደነዙት። ሹሉ ደረቁን እንጨት ይፈለቅቀዋል፣ የደነዘው ግን እየጨፈለቀ ይገባል አሉኝ። "እንጨቱን እርጥብ ጆንያ አልብሳችሁ አሳድሩት። ቀጭን ነው ብለሽ አትስጊ፣ በየመጋጠሚያው ሁለት ሁለት ሰያፍ አድርጋችሁ ምቱ።"

እውነቱን ለመናገር አላመንኳቸውም። ደንዞ የሚሠራ ነገር የት አይቼ! ባለቤቴማ የገዛው ሚስማር ስለተናቀበት ጭራሽ አኮረፈ። በማግስቱ ያደረውን ጆንያ ገልጬ መዶሻውን ቀማሁትና የመጀመሪያውን ደነዝ ሚስማር ራሴ መታሁ። በእያንዳንዱ ምት ጆሮዬ የሚጠብቀው ያንን የመሰንጠቅ ድምፅ ነበር። ሚስማሩ እስከ ራሱ ገባ፤ እንጨቱ ጭጭ አለ። እፎይ! ባለቤቴ ኩርፊያውን ረስቶ "አምጪው፣ አምጪው" እያለ መዶሻውን ተቀበለኝ።

ቆርቆሮው በተመታ በሳምንቱ ዝናቡ ከነነፋሱ መጣ። እኔ አዲሱ ማድ ቤት ውስጥ ሽሮ እያማሰልኩ ማገሩን አያለሁ፤ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይላቀቅም። ጢሱ ዓይኔን አቃጥሎት በበሩ ይወጣል፣ ዝናቡም ይወስደዋል። ልጄ ከቤት ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ የቆርቆሮ ጩኸት ላይ፣ "እማዬ፣ ራበኝ፣ አልደረሰም እንዴ?" ብላ ጮኸች። መሐሉ ላይ ሳታርፍ፣ ሳታስል፣ ባንድ ትንፋሽ።

ሰምቻታለሁ። ግን ደግማ እንድትጮኽ ብዬ ዝም አልኳት።