ቃል የሌለው ወረቀት

አባቴ ማንም ሊያነበው ባልቻለ ወረቀት ባንዳ ተባለ። በደሉ ይኸ ነው፤ እንዲታወቅልኝ የምፈልገውም ይኸንኑ ነው። የፈረዱበት ሰዎች ሁሉ አልፈዋል፤ በሕይወት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔም ከበዳዮቹ አንዷ ስለሆንኩ የራሴን ድርሻ ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ ማስተዋል ከባሕር ዳር ይዛው የመጣችው ጊታር ነው። ማስተዋል ሙዚቃ ታስተምራለች። ጊታር ለዓይኔ እንግዳ ባይሆንም የማውቀው ደረት ላይ ተደግፎ የሚመታውን ነበር። እሷ ግን መደቡ ላይ ተቀምጣ ጭኗ ላይ አጋደመችው፤ በግራ እጇ ጣት የሚያህል ልሙጥ ብረት ይዛ ክሮቹ ላይ ስታንሸራትተው ድምፁ እንደሚያለቅስ ሰው እየተሳበ ወጣ። ከፊቷ የዘረጋችውን ወረቀት ባየሁ ጊዜ የምለቅመው ምስር ከነሰፌዱ ከጭኔ ወረደ። ስድስት መስመር፣ በመስመሮቹ ላይ ቁጥር፣ ከሥሩ አንድም ቃል የለም። እንዲህ ያለ ወረቀት ከዚያ በፊት ያየሁት አንድ ብቻ ነው።

አባቴ ይርሳው ኮርቻ ሰፊ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ቤታችን ክረምት ከበጋ እርጥብ ቆዳና ገለባ ትሸት ነበር፤ ዛሬም የቆዳ ሽታ ሲደርሰኝ በሩ ላይ ተቀምጦ ጠፍሩን በጥርሱ ሲያጠብቅ ይታየኛል። በኮርቻ ይደር እንጂ ሰው የሚያውቀው በክራሩ ነበር። ሙሽራ ሲሸኝ የሚመታውን፣ አገር ምድሩ የሚያውቀውን የሰርግ ዜማ ያለ እሱ ክራር የሚያስብ አልነበረም። ዳሩ ግን ትንሽ ጉድለት ነበረበት። የቀለበት ጣቱ በወስፌ ተወግቶ ደንዝዞ ስለነበር ዜማው ከፍ የሚልበት ቦታ ሲደርስ ላይኛው ክር ላይ አልደርስ ይለውና የታችኛውኑ ሁለት ጊዜ ይመታዋል። ሴቶቹ ያቺን ቦታ ጠብቀው «ይርሳው ተደናቀፈ፣ ኧረ ደግፉት!» እያሉ ይንጫጩበታል። እሱም አብሯቸው ይስቅና በሚቀጥለው ስንኝ እዚያው ላይ ይደናቀፋል።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከሰፈረ በኋላ የበቅሎዎቹን ኮርቻ እንዲጠግን አስጠሩት። እምቢ ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ይታወቅ ነበርና ሄደ፤ ከዚያም በየሳምንቱ ሄደ። ጎረቤቱ በዓይኑ ይከታተለው ጀመር፤ እኔም ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ እከታተለው ጀመርኩ። ሲመለስ እጁን አያለሁ፣ ፊቱን አያለሁ፣ ምን አስደስቶት እንደሚያንጎራጉር አወጣለሁ አወርዳለሁ። ገሌታ የሚባለውን ድንጋይ የመሰለ የጣሊያን ብስኩት ያመጣልኛል፤ እበላዋለሁ፣ እየበላሁም እጠረጥረዋለሁ። አንድ ቀን ለጎረቤቶች ሲያጫውት፣ ከበቅሎ ጠባቂዎቹ አንዱ ጣሊያን ትልቅ ክራር የመሰለ ነገር ጭኑ ላይ አስተኝቶ በብረት እየፋቀ ያስለቅሰዋል አላቸው። «ተኝቶ የሚመታ ክራር! ይርሳው፣ ምን አጠጥተው ነው የሰደዱህ?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን የሰርጉን ሳቅ አይመስልም ነበር።

ወረቀቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ስፌቱ በተፈታ ኮርቻ ውስጥ፣ ከገለባው ሥር፣ አራት ላይ ታጥፎ ነበር። ያን ጊዜ ከየኔታ ላቀው ዘንድ ፊደል እቆጥር ነበር። የኔታ ዲማ ሄደው ዜማ ተምረው የመጡ የደብራችን መሪጌታ ናቸው፤ ሴት ልጅ ማስተማራቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። አባቴን መጠየቅ ሲገባኝ ሳልጠይቀው ወስጄ ለእሳቸው ሰጠሁ። እሳቸው የማያነቡት ጽሑፍ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። ይኸ እውነት ነው፤ ግማሹ እውነት ግን አባቴን ስላላመንኩት ነው።

በዚያው ሳምንት ጨሞጋ ወንዝ አጠገብ ሦስት አርበኞች ተከበው ተያዙ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ አባቴን ደጀ ሰላሙ ላይ አስቀምጠው ወረቀቱን ዘረጉለት።

«ዜማ ነው» አለ አባቴ። «እኔ ስመታ በቅሎ ጠባቂው ሰምቶ የጻፈው ነው። ያው የሰርጉ ዜማ።»

«አንተ ይርሳው፣ ዜማን ለእኔ ነው የምትነግረኝ?» አሉት የኔታ። «የዜማ ምልክት የሚቀመጠው ከቃል ራስ ላይ ነው። ቃሉ የታለ? እስቲ ድፋቱን አሳየኝ፣ እስቲ ርክርኩን አሳየኝ።» የፈረንጁን ቁጥር ከጣሊያን ገንዘብ ላይ ለምደውት ነበርና ጣታቸውን በመስመሮቹ ላይ እያስኬዱ «ስድስት መንገድ። በዚህ አምስት ሰው፣ በዚህ ሰባት፣ በዚህ ሦስት» አሉ። ሦስት ሲሉ ሰዉ ሁሉ የተያዙትን አርበኞች አሰበ።

ክራሩ መጣና ወረቀቱን እያየህ ምታው ተባለ። አባቴ እንኳን የፈረንጅ ጽሑፍ ሀ ሁም አልቆጠረ። ዓይኑን ፊት ለፊቱ ያለ የዛፍ ግንድ ላይ ተክሎ እንደ ወትሮው መታው፣ እንደ ወትሮውም ተደናቀፈ፤ የሳቀ ግን አልነበረም። «ይኸንማ ድሮም ታውቀዋለህ፤ ወረቀቱን አላነበብክም» አሉት የኔታ። ፍርዱ ትክክል መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን ማን እንዳመጣው ማንም አልነገረውም፤ ሲነሳ ግን አየኝ፣ እስኪሞት ድረስም አንድ ቀን አልጠየቀኝም።

አልገደሉትም። ከጽዋ ማኅበሩ አስወጡት፣ ሰላምታ ነፈጉት፣ ለሰርግ የሚጠራው ጠፋ። ክራሩን ከምድጃው በላይ ሰቀለው፤ ጢስ ጠጥቶ ጠቆረ፣ ጅማቱም አንድ በአንድ ተበጠሰ። ጣሊያን ሲወጣ ሁሉም ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ የአባቴ ስም ግን አልተመለሰም። የሞተ ዕለት ቃሬዛውን የተሸከሙት የእናቴ አራት ወንድሞች ናቸው፤ እስከ መቃብሩ ድረስ እጁን ዘርግቶ የተቀበላቸው ሰው የለም። የኔታ ከቀብሩ በኋላ ወረቀቱን መለሱልኝና «ያንችው ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ የኖረው በዳዊቴ ማኅደር ውስጥ ነው። የባንዳ ልጅ ያለኝን ሁሉ አፉን አስይዤዋለሁ፣ አንዷን ሴትዮ በገበያ መካከል ነጠላዋን ይዤ አስምያታለሁ፤ ወረቀቱን ግን ለሚያነብ ሰው አላሳየሁም። የሰው ቆጠራ ሆኖ ቢገኝስ? በአፌ ስሟገትለት በልቤ እየጠረጠርኩት አረጀሁ። በእሱ ዜማ የተሸኙት ሙሽሮችም፣ ይንጫጩበት የነበሩት ሴቶችም አፈር ሆነዋል፤ ያ ዜማ ዛሬ የሚወጣው ከድምፅ ማጉያ ነው፣ የሚሳሳትበትም የለም።

እንግዲህ በዚያ ቀን ምስሩን ትቼ ተነሳሁና ከማኅደሩ አውጥቼ ለማስተዋል ሰጠኋት። የማን እንደሆነም፣ የሰርጉ ዜማ ነው መባሉንም አልነገርኳትም፤ ብነግራት የምታውቀውን ትመታልኛለች፣ አባቴም የተፈረደበት በዚያው ነው።

«የተጻፈውን ብቻ ምቺልኝ» አልኳት። «ከራስሽ አንድ አትጨምሪ።»

«መስመሮቹ ክሮቹ ናቸው፣ ቁጥሩ ብረቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው» አለችኝና ብረቱን እየሳበች ቀስ ብላ ጀመረች። ገና ብዙ ሳትሄድ አወቅሁት፤ የሰርጉ ዜማ ነበር። ሆኖም ይኸን ያህል ዘመን የኖረ ጥርጣሬ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ይኸን ዜማ የማያውቅ ማን አለ፣ ከራሷ ጨምራ ቢሆንስ አልኩ። ወዲያው ግንባሯን ቋጥራ አቆመች።

«እማማ፣ ይኸን የጻፈው ሰው ሳይሳሳት አልቀረም። እዚህ ጋ ዜማው ከፍ ማለት ነበረበት፤ እሱ የታችኛውን ደግሞታል። ላስተካክለው?»

«እንዳትነኪው! አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው?»

ጣቷን ከዳር እስከ ዳር በመስመሮቹ ላይ አስኬደች።

«አይ፣ እማማ፤ ሦስት ጊዜ ነው። ሦስቱንም ጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ነው የተደናቀፈው።»