የአዳኞቹ ምስር

ከቤት የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «መተማ ስትደርሺ ደውዪ፣ ካርቱም ስትደርሺ ደውዪ» እያለች ቦርሳዬን አልለቅ አለች፤ እኔ ከዚህ ስስብ እሷ ከዚያ ስትስብ፣ ጎረቤት እንዳይነቃ ብለን በሹክሹክታ ነበር የምንጣላው። ቦርሳው ውስጥ ሽሮና ድርቆሽ፣ አንድ ላስቲክ በርበሬም ነበረ። እሠራበት የነበረው ማተሚያ ቤት ከተዘጋ ወዲህ ከእናቴ ጡረታ ላይ መብላት አንገቴ ላይ ተሰንቅሮብኝ ነበርና፣ በመጨረሻ ቦርሳውን መንጭቄ ሄድኩ። ዞር ብዬ አላየኋትም። ባይ ኖሮ እስከ ዛሬም ኮልፌ ነበርኩ።

ራሔልን ያገኘኋት ካርቱም ነው። የሆለታ ልጅ ናት፤ ልጇን እናቷ ጋ ትታ የወጣች። ወባ ሲጥለኝ ሐኪም ቤት ተሸክማ ያደረሰችኝ እሷ ናት። በረሃውን አንድ መኪና ላይ እግር ለእግር ተጠላልፈን ተሻገርን፤ ባሕሩ ላይ ሳስመልስ ፀጉሬን ሰብስባ የያዘችልኝም እሷው ናት። ይህን የምነግራችሁ ኋላ የሆነው ነገር ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ እንድትረዱልኝ ነው። ጠላት ቢያደርገውማ ምን ይገርማል?

ሮም ስንደርስ አንዱ «ሰላም ፓላስ የሚባለው የስደተኞች ሕንፃ ሂዱ፣ የአገር ልጅ አለ» ይላል፣ ሌላው «እዚያ ከገባችሁ አትወጡም» ይላል። ጥቂት ከተንከራተትን በኋላ ራሔል ከከተማው ወጣ ብሎ በካሲያ መንገድ ላይ ያለ አንድ ሞቴል ውስጥ የጽዳት ሥራ አገኘችልን። ማደሪያም ሰጡን፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ያለች አንድ ክፍል። ግን ሥራው ያለ ኮንትራቶ፣ ያለ ውል ነው፤ ያለ ኮንትራቶ ደግሞ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ አይታደስም ተብለናል። ራሔል ጣልያንኛውን ቶሎ ለመደችው። እኔ «ሲ» እና «ቫ ቤኔ»፣ አዎና እሺን ብቻ ይዤ ቀረሁ፤ ለቀረው ራሔል አለችልኝ።

ሞቴሉ ኩሽና የለውም። ጠዋት ቡናና ኮርኔቶ የሚሉት ደረቅ ዳቦ፣ ከዚያ ወዲያ ለራስህ እወቅ ነው። ባለቤቷ ሲኞራም ክፍል ውስጥ ማብሰል አጥብቀው ይከለክላሉ። ቢሆንም ከፖርታ ፖርቴዜ ገበያ አንዲት ሚጢጢ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛን። ማስቀመጫ ስናጣ መታጠቢያ ቤት ካለው ቢዴ ላይ ጣውላ አጋደምንበት። ቢዴ ምን እንደሆነ የማታውቁ ጠይቃችሁ ድረሱበት፤ እኛ መጀመሪያ የእግር መታጠቢያ መስሎን ነበር፤ ለካስ የመቀመጫ ኖሯል።

እንደኛ በሞቴል ክፍል ለምትኖሩ ደግሞ ይጠቅማችሁ ይሆናል፣ ልንገራችሁ። ምድጃዋ አቅም የላትም፤ ስለዚህ ውኃውን በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ቀድማችሁ አፍሉት። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ቀስ ብላችሁ አቁላሉ፣ ዘይቱንና በርበሬውን አስከትሉ፣ ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ አብስሉት። ምስሩ የተከካው ቀዩ ይሁን፣ ቶሎ ይበስላል። በእንጀራ ፈንታ ፒያዲና የሚሉት ስስ ቂጣ አለ፤ ልብ ባያደርስም ይጠቀልላል። ሽሮን ግን በምንም ተአምር ማንቆርቆሪያ ውስጥ አትሞክሩት፤ ሞክረነው የሳምንት ሻያችን ሽሮ ሽሮ ሲል ከርሟል። ሽታው እንዳይወጣ ከበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ መጎዝጎዝም አትርሱ።

አንድ ቅዳሜ ፎጣውን ረሳን።

ኅዳር አገር ቤት ደረቅ ወር ነው፤ እዚህ ግን በኅዳር ዝናቡና ብርዱ ተባብረው ይወርዱብሃል። በዚያ ወቅት ቅዳሜና እሑድ የከርከሮ አዳኞች ሞቴሉን ይሞሉታል፤ ውሾቻቸውን በመኪና፣ ጠመንጃቸውን በሣጥን ይዘው፣ ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሰው። የዚያን ቅዳሜ ጭቃ በጭቃ ሆነው ተመለሱ። ቅርብ የሚባለው ምግብ ቤት እንኳ ሩቅ ነው። ወጥ ሠሪዋ እኔ ነኝ፣ ራሔል ሽንኩርት ትልጣለች፤ ምስር ጥደናል። በሩ ተንኳኳ፤ ሲኞራዋ ናቸው።

«ይኼ ሽታ ምንድነው?»

«ሻምፑ ነው» አለች ራሔል፣ ዓይኗን ሳታሽ።

«ሻምፑው ሽንኩርት አለው?»

«የአገራችን ሻምፑ ነው፣ ሲኞራ።»

ከኋላቸው አንድ ሽበታም አዳኝ ብቅ አሉ፤ ሲኞር ኤንዞ ይባላሉ። «እስቲ ከዚህ ሻምፑ በሳህን አድርጋችሁ አምጡልን» አሉ። ራሔል ስትተረጉምልኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

አዳኞቹ ተሰብስበው በሉ። ድስቱን በዳቦ ጠረጉት። ሲኞራዋም አዳኞቹ ሲደሰቱ አይተው ምድጃዋን እንዳላዩ ሆኑ። በሳምንቱ ሲኞር ኤንዞ ሙሉ የከርከሮ ታፋ ይዘውልን መጡ፤ ስጦታ መሆኑ ነው።

«አንበላም» አለቻቸው ራሔል።

«ሙስሊም ናችሁ?»

«ክርስቲያን ነን።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው?»

የከርከሮ ሥጋ አለመብላታችን ሳያንስ፣ የነቢያት ጾምም ነበረ። ያ ሁሉ ጠመንጃ ታጣቂ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ ሳያውቀው፣ ከቢዴ ላይ የወረደ የጾም ወጥ ይበላ ነበር።

ሲኞር ኤንዞ አንድ ሐይቅ አጠገብ ባለች ከተማ ትራቶሪያ የሚሉት ምግብ ቤት አላቸው። አንድ እሑድ ከሰዓት ሞቴሉ ቡና ቤት ውስጥ አስቀመጡንና ረጅም ነገር አወሩ። ከወሬው መካከል «ኮንትራቶ» የምትለዋን ሰማሁ። ወዲያው ራሔልን ጎሸም አደረግኳት።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ምግቡን እያመሰገኑ ነው።»

«ኮንትራቶ ሲሉ ሰማሁ እኮ!»

«ገና ያስቡበታል፣ ወይንዬ። አንቺ ዝም ብለሽ ፈገግ በዪ።»

ከዚያ እሳቸው በጣታቸው ወደኔ እያመለከቱ አንድ ነገር ጠየቋት። መለሰችላቸው። ወደኔ ዞሩና «ቬሮ?» አሉኝ፤ እውነት ነው? ማለታቸው ነው። እኔም ጥርሴን ሁሉ አውጥቼ «ሲ፣ ሲ!» አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ራሔል ቦሎኛ ያለች የአክስቷ ልጅ ሥራ እንዳገኘችላት ነግራኝ ሻንጣዋን ሸከፈች። አለቀስኩ። ከእናቴ በርበሬ ከተረፈው ላይ ግማሹን ቋጠርኩላት፤ ሰው አገር የእናት በርበሬ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንገቴን አቅፋ እሷም አለቀሰች፤ እንባዋ የምር ነበር።

ተርጓሚዬ ስትሄድ ስደተኛ በነፃ የሚያስተምሩ መነኮሳይት ጋ ጣልያንኛ መማር ጀመርኩ። የአደኑ ወቅት ሊዘጋ ሲል አንደኛው አዳኝ ኮሪደር ላይ አገኘኝና ቀስ እያለ፣ ለሕፃን እንደሚነግር ሰው፣ «ጓደኛሽ ኤንዞ ጋ ነው የምትሠራው፤ ምስሩ ግን እዚህ እንደነበረው አይደለም። አንቺ ረዳቷ ነበርሽ፣ ምን ነበር የምትጨምርበት?» አለኝ።

መጥረጊያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ለካ ያን ዕለት «ሲ፣ ሲ!» ያልኩት «ረዳቷ ነሽ?» ለሚለው ነው። በገዛ አፌ፣ እየሳቅኩ።

በዕረፍቴ ቀን አውቶቡስ ይዤ ሄድኩ። በጓሮ በር ስገባ ራሔል ነጭ ሽርጥ ለብሳ ድንች ትልጣለች። አየችኝና ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ቦሎኛ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ወይንዬ፣ ቦታው የአንድ ሰው ነበር።»

«የኔ ነበራ!»

«አንቺ ጨው አቀብዪኝ ማለት እንኳ አትችዪም ነበር። በሳምንቱ ያባርሩሽ ነበር። እኔ ልጅ አለኝ፤ ድምፄን እየረሳው ነው። ፔርሜሶዬ ካልታደሰ በምን አመጣዋለሁ?»

«ብትነግሪኝ እሰጥሽ ነበር።»

«አትሰጪኝም ነበር።»

እሰጣት ነበር ወይስ አልሰጣትም? እኔም አላውቅም። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው፤ ሳልጠየቅ ተወሰደብኝ።

በዚህ መሃል ሲኞር ኤንዞ ገቡና እጃቸውን ዘርግተው «ኦ! ላ አዩታንቴ!» አሉኝ፤ ረዳቲቱ መጣች እንደ ማለት ነው። መንገዱን ሙሉ ስለማመደው የመጣሁት ዓረፍተ ነገር ነበረኝ። ድምፄን አጥርቼ «ላ ኩኦካ ኤሮ ኢዮ» አልኳቸው። ወጥ ሠሪዋ እኔ ነበርኩ።

ሽማግሌው በርኅራኄ ፈገግ አሉ። «አይ፣ አይ፣ ልጄ። እንደሱ አይባልም። ኤራ ሌይ፤ እሷ ነበረች ነው የሚባለው። ግን ጎበዝ፣ እየተሻሻልሽ ነው።»

ወደ ራሔል ዞርኩ። ቋንቋውን ታውቀዋለች። ምን እንዳልኩ፣ ልክ እንዳልኩም ታውቃለች። ሳቀች። ከሽማግሌው ጋር አብራ፣ ትንሽዬ የጨዋ ሳቅ ሳቀች። እኔም በገባሁበት የጓሮ በር ወጣሁ።

እሑድ ማምሻውን እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እኅትሽ ደህና ናት?» አለችኝ ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ።

«የቷ እኅቴ?»

«ራሔል ናታ! በገና ደውላልኝ፣ ‹አይዞዎት እማማ፣ ወይንሸትን እኔ አለሁላት› ብላኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! እኔ እኮ እንቅልፍ የሚወስደኝ አብራችሁ ስለሆናችሁ ነው። እስቲ አቅርቢልኝ፣ ላመስግናት።»

ከማዶ ያለው አልጋ ላይ ባዶ ፍራሽ ብቻ ነበር።

«ተኝታለች፣ እማዬ። ሲደክማት ነው የዋለው።»

«ውይ በሞቴ፣ እንዳትቀሰቅሻት! ብርድ ነው አላልሽም? በደንብ አልብሻት።»

«አልብሻታለሁ» አልኳት።